ድልድይ የማይችል ወንዝ

ወንድሜ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሌሎች የጻፉትን ከመታተሙ በፊት እያነበበ ስህተት ሲለቅም ነው ዕድሜው ያለቀው። ስህተት ካየ እንቅልፍ የለውም፤ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንኳ እስክሪብቶ ይዞ ነበር የሚያነበው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በእኔ ሥራ የጠመመ ስፌት ይተረተርና እንደገና ይሰፋል፤ በልኩ ከተሰፋ ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን አንዴ የታተመ ነገር አይተረተርም ባይ ነው። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሱ አሸነፈ፤ ምን ያደርጋል እንዲህ ያለ ማሸነፍ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሚስቱ የሞተችበት ልጃቸው ገና አፏን ስትፈታ ነው። እኔም የስፌት መኪናዬን አሸክሜ፣ ለጥቂት ሳምንት ብዬ እቤቱ ገባሁ፤ ፀጉሬ እዚያው ሸበተ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ወጥ ቤት። መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ የእሱ ትልቁ ጠረጴዛ ደግሞ መሃል ላይ። ከቀብሩ በኋላ ሰው ማናገር ተወ። ከማተሚያ ቤቱ ተቆርጦ የሚጣለውን ወረቀት በከረጢት እያመጣ ይጽፋል። ለሚስቱ ግጥም የሚጽፍላት መስሎኝ አንጀቴን በላው። አንድ ቀን ሥራ ሲሄድ ባነበው ለካስ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሕይወት ይይዛሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። ተራኪው «በሩ ተቆልፏል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይላል፤ ተጫዋቹ ይመልሳል፤ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ የሚሉት፣ ይጣላል፤ ተረቱ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚሆንበትን አገር ወንድሜ ከነነገሥታቱ፣ ከነዘንዶዎቹና ከነገበያው ከጭንቅላቱ አውጥቶ «ማዶ» ብሎ ሰየመው። አገሩን ለሁለት የሚከፍል ዝምተኛው የሚባል ወንዝ አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዝምተኛው ወንዝ ድልድይ አይችልም። የተሻገረ አይመለስም።»

ይህችን የጻፋት ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ነው። ኋላ ስንቱ የተማረ ጎረምሳ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ወንዙ ሲከራከር ሰምቻለሁ። አንዱ የአስማት ሕግ ነው ይላል፤ ሌላው የጥንት እርግማን ነው ይላል። እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ «የሐዘንተኛ ወሬ ነው፣ እናንተ ሞኞች» እል ነበር፤ በሆዴ።

መጀመሪያ ሁለት የማተሚያ ቤት ባልደረቦቹ መጡ፤ ቀስ በቀስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር አልበቃ አለ። እኔ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ ይስቃል። ከቀብሩ በኋላ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነውና ለዚያ ሳቅ ስል ጠረጴዛውን ለቀቅኩላቸው። መጽሐፉ ታተመ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተከተለ። በማናውቃቸው ከተሞች ያሉ ሰዎች ማዶን ይጫወቱ ጀመር። ለወንድሜም «ምንጩ» የሚል ስም አወጡለት።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ያመጣው ራሱ ነው። ጨዋታ ላይ ክርክር ሲነሳ መጽሐፉ ይገለጣል። ነገሩ ከተገኘ ያገኘው ሰው «የተጻፈው ይገዛል» ይልና በጣቱ መገጣጠሚያ ጠረጴዛውን አንዴ ይመታል፤ ሌሎቹም ተከትለው ይመታሉ። ከዚያ በኋላ ቃል መተንፈስ የለም። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ጠብ ይቆርጣል። መጽሐፉ እየበዛ ሲሄድ ግን ከመጫወቱ መምታቱ በዛ። የእኔ መኪናና የእነሱ ጠረጴዛ እኩል ያንኳኳሉ።

ከሁሉ የባሰው አንቀጽ የሚሉት ልጅ ነው። ፋርማሲስት ነው፤ ተማሪ ሳለ ነው እቤታችን መምጣት የጀመረው። ቀጭን፣ ትሑት፣ የጨርቅ ጥቅሌን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚያወጣልኝ ልጅ። አንቀጽ ያሉት ሳይጠቅስ ስለማይናገር ነው፤ «ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ጨው ነጋዴዎች የተጻፈው ላይ» ሳይል ውሃ እንኳ አይለምንም። ከወንድሜ በላይ የወንድሜን መጻሕፍት ያውቃል። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ፀጉር ሠሪ መጣች፤ ሳቂታ ነገር። ጨዋታውን ከደንበኛዋ ሰምታ፣ የምትሆነውን ሰው እቤቷ አስባ ነው የመጣችው፤ በዝምተኛው ወንዝ ላይ በጀልባ ዓሣ የምታጠምድ ሴት። ሻይዋ ሳይበርድ ወንዙ ዓሣ እንደሌለው፣ ጀልባ እንደማይንሳፈፍበት፣ በማዶ ሴቶች መቼ ማጥመድ እንደተከለከሉ ተራ በተራ ጠረጴዛ እየመቱ አስረዷት። «እና ምን መሆን እችላለሁ?» አለች። ከሦስት መጽሐፍ እየጠቀሱ ነገሯት። ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ጨዋታ ነው ፈተና?»

ተመልሳ አልመጣችም። ከእሷ በኋላም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። እነ አንቀጽ «ለማዶ የሚሆን ሰው ጠፋ» እያሉ ያዝናሉ። ራሳቸው አባረው ጠፋ ማለት፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ፤ ነገሬ እሷ ናት። ትንሽ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው ሥር ተጋድማ ስታዳምጥ ትውላለች። አንድ ቀን ብቅ ብላ «አባዬ፣ እኔ የት ነኝ?» አለችው። «የት?» አላት። «ማዶ ውስጥ።» ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «አስገባሻለሁ» አላት።

አስገባትም። በአራተኛው መጽሐፍ ላይ በዝምተኛው ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ድልድዩ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ መብራት ይዛ ትቆማለች፤ እሷ መብራት ካበራች ከወዲያ ያለ ሰው ወደዚህ መሻገር ይችላል። ከመታተሙ በፊት ለልጅቷ አነበበላት። እኔ ክር ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሐዘኑን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጅቷ የመኪናዬን አንገተ ረጅም መብራት ነቅላ፣ ገመዱን እየጎተተች፣ ቤቱን ስትዞር ዋለች። «ተሻገሩ! ተሻገሩ!»

መጽሐፉ ወጣ፤ ጉድ ፈላ። ስልኩ በስድብ ሞላ። አንዱ መጽሐፉን ቀዶ በፖስታ ላከ። አንዱ ድልድዩን ለልጁ ሲል መሥራቱን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ጻፈ። አንቀጽ በአካል መጣ። ተቀመጥ ቢባል አልቀመጥም አለ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት» አለ። «ወንዙ ድልድይ ከቻለ የመጀመሪያው መጽሐፍ ውሸት ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ የተሻገሩት ሁሉ መመለስ እየቻሉ ነው የቀሩት ማለት ነው።»

ስለ ምናብ ሰዎች ነው የሚያወራው። ወንድሜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ፤ እሱ የሰማው ስለ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። «የተጻፈው ይገዛል» አለና ጠረጴዛውን መታ። በሚቀጥለው ኅትመት ድልድዩ ከመጽሐፉ ተቆርጦ ወጣ። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ተባለ። ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ልጁን ስህተት ናት ብሎ ሰረዛት።

ልጅቷ አዲሱን መጽሐፍ አገላብጣ ገጹን ፈለገች፤ የለም። አላለቀሰችም። መብራቴን ወደ ቦታው መልሳ ሰካችው። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ሥር አልገባችም፤ ስለ ማዶ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ አደገች። የአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆነች፤ ከከተማው ዳር ክፍል ተከራየች። በዕረፍቷ ቀን እየመጣች ስለ አየሩ ከአባቷ ጋር ታወራለች። አባትና ልጅ እንደ ሁለት ጎረቤት።

እሱም ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አልጻፈም። ይቀመጣል፤ አሮጌዎቹን መጻሕፍት ዙሪያውን ይደረድራል፤ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከአንዱ ጋር ይጋጭበታል፤ ይሰርዛል። ቤቱን ራሱ ሠርቶ በሩን ራሱ ሚስማር መታበት። «ተወው እንግዲህ» ስለው «ይጠብቃሉ» ይለኛል። የሚጠብቁት ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሮጌው እንዳይነካ ነው የሚጠብቁት።

ሕመሙ የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ቁልፉን ዳቦ ማስቀመጫ ውስጥ አገኘሁት። አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሽምግልና ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቅዳሜ ግን በጨዋታው መሃል፣ በሁለተኛው መጽሐፍ የሞተና የተቀበረ አንድ ንጉሥ ከአደን ሲመለስ አድርጎ ተረከ። እኔም ስፌቴን አቆምኩ። አሁን ይነቁበታል አልኩ።

አንቀጽ ፊቱ በራ። «አልሞተም!» አለ። «መቃብሩ ባዶ ነበር ማለት ነው!»

በሳምንቱ የተጫዋቾቹ የስልክ ግሩፖች ወሬ ሁሉ ስለ ባዶው መቃብር ሆነ። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፍ የታተመ ነገር ከመጽሐፍ ሲጋጭ ያሰርዛሉ፤ ምንጩ ጠረጴዛ ላይ በአፉ ሲሳሳት ግን ስህተት መሆኑን ለማመን ልባቸው አይፈቅድም፤ የሚያስታርቅ ምሥጢር ይፈልጉለታል። የከተማ ስም ሲጠፋው ከተማዋ ተረግማ ስሟ ተሰርቋል አሉ። አንዱን ጦርነት ሁለቴ ሲተርከው ጊዜ በማዶ ክብ ነው አሉ። እሱ በረሳ ቁጥር እነሱ ደስታቸው ጨመረ። «ምንጩ እንደገና መፍሰስ ጀመረ» ይባባላሉ።

«ልጆች፣ ወንድሜ ታሟል» አልኳቸው።

ለባልቴት ፈገግ እንደሚባለው ፈገግ አሉልኝ። «እትዬ፣ ሆን ብለው ነው» አለ አንቀጽ። «እሳቸው የጻፉትን ይረሳሉ?»

ይባስ ብሎ ወንድሜም አመናቸው። የረሳውን እነሱ ሲተነትኑለት ራሱን ይነቀንቃል፤ አስቤበት ነው ለካ ይላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «የሚሉትን አልሰማሽም?» ብሎ ይቆጣል። ሰው ሁሉ ሊቅ ነህ የሚለውን ሰው እንዴት አድርገህ ታመሃል ትለዋለህ? ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ጠፋ። እኔ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ስፈልገው እሱ ለካ መናኸሪያ ሄዷል። ተሰልፎ፣ ተራው ደርሶ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ ወደ ማዶ ዋና ከተማ የሚሄድ ትኬት ጠየቀ። ትኬት ቆራጯ ልጁ ናት። ቀና ብላ «አባዬ?» አለችው፤ አላወቃትም። ከኋላዋ የጠረጴዛ መብራት በርቷል። መብራቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ ፈካ።

«አንቺ የድልድዩ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አላት። «መብራቱን እንዳታጠፊው፤ ሰው ይሻገራል።»

መስኮቱን ዘግታ ወጣች፤ ክንዱን ይዛ በእግር አመጣችው። ደረጃውን ሲወጡ ነው ያየኋቸው። የወንድሜ ልጅ በሕፃንነቷ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያን ቀን ወጥ ቤት በር ዘግታ አለቀሰችው። «አክስቴ፣ ረስቶኛል» አለች፤ ቆይታ ደግሞ «አልረሳኝም» አለች።

ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ምልክቱ ከጀመረ መቆየቱን ነገረን። ቀደም ብትሉ ቢያንስ ማዘግየት ይቻል ነበር አለ። «የማይሆን ነገር ሲናገሩ በዙሪያቸው ያለ ሰው አልደነገጠም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደነገጠ እንጂ» አልኩት። «በደስታ።»

ልጅቷ የተከራየችውን ክፍል ለቃ ተመለሰች። ልጄ ነሽ አላላትም፤ ያ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። የድልድዩ ልጅ መሆኗን ግን ያውቃል። ከሥራ ስትመለስ የመኪናዬን መብራት ታበራለች፤ እሱ ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል።

«ዛሬ ማን ተሻገረ?» ይላታል።

«አንዲት ሴት።»

«ከወዲያ ወደዚህ?»

«ከወዲያ ወደዚህ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አባዬ።»

ይረካል። አባዬ ስትለው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ አንዳንዴ እጇን ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ በዚያ መብራት መስፋት ነበረብኝ፤ ተውኩላቸው። ትዳር የያዘ ሰው ያን ያህል ሲነጋገር አይቼ አላውቅም። ሌላው ነገሩ ሁሉ ሄዷል፤ የቀረቻቸው ይህች ክር ናት። እንዳትበጠስ ነበር ጭንቄ ሁሉ።

የሕመሙ ወሬ እነ አንቀጽ ዘንድ ደረሰ። ተሰበሰቡ፤ ተማከሩ፤ ከባዶው መቃብር ወዲህ የተናገረው ሁሉ ከማዶ ታሪክ እንዳይቆጠር ወሰኑ። ይወስኑ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ከዚያ ሊጠይቁት መጡ፤ ታጥበው፣ ተበጣጥረው፣ ብርቱካን ይዘው። በሩ ላይ አቆምኳቸው።

«አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ስለ ድልድዩ ካነሳ ዝም በሉት።»

ሌሎቹ እሺ አሉ። አንቀጽ ብርቱካኑን እንደታቀፈ መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ በስማቸው ስህተት እንዲቀመጥ አይፈልጉም። እኔ አውቃቸዋለሁ። ልንዋሻቸው ነው?»

«ውሸትም ከሆነ መድኃኒቱ ነው። አንተ ፋርማሲስት አይደለህም እንዴ?»

መልስ አልሰጠኝም፤ ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ገቡ። ወንድሜ ስማቸውን አላወቀም፤ ደስ ግን አለው። ጠረጴዛው ተከበበ። ስለ ንጉሡ አወራ፤ ዝም ብለው ሰሙት። ዘንዶዎቹን አቀላቀለ፤ ዝም አሉ። ልጅቷ ሻይ ይዛ ስትገባ በጣቱ አሳያቸው።

«ይቺን ታውቋታላችሁ? የድልድዩ ልጅ ናት። የወንዙን ሰው ሁሉ የምታሻግር እሷ ናት።»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ትሪውን እንደያዘች አንቀጽን አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች፤ እባክህ ማለቷ ነው። አንቀጽ ወንድሜን ይወደው ነበር፤ ይህን አልክድም። ከወንበሩ ተነስቶ ወንድሜ አጠገብ ተንበረከከና፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ዝምተኛው ወንዝ ድልድይ አይችልም። የተሻገረ አይመለስም። የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው ገጽ። እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

ወንድሜ ቅንድቡን ሰበሰበ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስህተት ሲያገኝ የሚያሳየው ፊት ነው። እጁ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ፈለገ፤ የለም። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከሕመሙ በፊት እንደነበረው፣ ድምፁ የጠራ።

«ልክ ነህ» አለ። «የተጻፈው ይገዛል።»

ጠረጴዛውን መታ። የሌሎቹም እጅ፣ ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ፣ ተከትሎ መታ። ድምፁ ሳይጠፋ ወንድሜ ወደ ልጁ ዞረ፤ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«ታዲያ ይቺ ሴት በምን ተሻግራ መጣች?» አለ።

ትንሽ አሰበና፣ ለማተሚያ ቤት ልጆች እንደሚያዝዘው በጣቱ ሰረዝ አደረገ። «ስህተት ናት። ትውጣ።»

አንቀጽ እንደተንበረከከ አለቀሰ። ብርቱካኑን መልሼ አሸከምኩትና በሩን ከፈትኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃችንን አልረገጠም፤ አራቱን መጻሕፍት ያክል የሚሆን አንድ ትልቅ መጽሐፍ፣ የማዶን ሙሉ ታሪክ፣ አሳትሞ ግን ልኮልኛል። አንድ ስህተት የለውም ይላሉ። የመኪናዬ አንድ እግር አጭር ነበር፤ ሥሩ አስገባሁት።

በማግስቱ ልጅቷ ከሥራ መጣች። ኮቷን ሰቀለች፤ እንደ ልማዷ መብራቱን አበራች፤ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች፤ ጠበቀች። ወንድሜ ወንበሩን አላስጠጋም። ብርሃኑ ዐይኑን እንደወጋው ሰው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንዳትሰማው ተጠንቅቆ፣ «ይቺ ሴትዮ ቤቷ አትሄድም እንዴ?»

ልጅቷ ሰማችው። እጇን ዘርግታ መብራቱን አጠፋችው፤ ከዚያ ለእኔ ስፌት እንዲመቸኝ ብላ እንደገና አበራችውና ወጥ ቤት ገባች።